ወንዙን ያልተሻገረው ጋሻ

ቴኒንግ ሳር የተወለደችው ወንዙ መሀል ነው።

እናቷ ሲጋ ምጥ ሲፋፋምባት ሐኪም ቤቱ ማዶ፣ ባንጁል ነበርና፣ ከባራ በምትነሣው መሻገሪያ መርከብ ላይ አወጧት። ልጅቱ ግን ማዶ እስኪደረስ የምትታገሥ አልሆነችም። በአንድ ጎን በሬዎች፣ በሌላው ጎን ሽንኩርት የጫነ መኪና፣ በላይ የባሕር ወፎች፤ በዚህ ሁሉ መሀል መጣች። «የዚያን ቀን ወፎቹ ዝም ብለው ነው የሰሟት» ይላል አባቷ። የባራ ሰዎች «የኛ ልጅ» ሲሏት «መቼ እዚህ ተወለድኩና» ትላለች፤ የባንጁል አክስቷ «የኛ ናት» ስትል ደግሞ «እዚያም አልደረስኩም» ትላለች። ሁለቱንም ወገን መከራከር የጀመረችው እንግዲህ ጥርስ ሳታበቅል ነው ማለት ይቻላል።

እናቷ ቦንጋ የሚባለውን ዓሣ በጭስ እያደረቀች ለነጋዴ ትሸጣለች። ቴኒንግ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንዲት ወፍራም ነጋዴ ዓሣውን አገላብጣ አየችና፣ «ዘንድሮ ዓሣችሁ አንሷል» አለች።

«ዓሣው ያው ነው» አለች ቴኒንግ ከጭሱ ኋላ። «የጨመሩት እርስዎ ነዎት።»

እናቷ ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻትና፣ ነጋዴዋ እንዳታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች።

መልስ መስጠት ያስተማራት ግን ጎረቤታቸው አንሱማና ነው። ታንኳ ጠራቢ ነው፤ ጎሳው ጆላ ነው። ዓርብ ዓርብ ከስግደት መልስ በራቸው ላይ ይቆምና «ሎሌዎቼ፣ ሩዜ በሰለ ወይ?» ብሎ ይጣራል። የቴኒንግ ቤተሰብ ሴሬር ነው፤ ሴሬርና ጆላ ደግሞ የታንኳ ዘመዶች ናቸው። ጥንት ሁለት እኅትማማቾች በአንድ ታንኳ ሲሄዱ ማዕበል ታንኳዋን ለሁለት ሰነጠቃት፤ አንደኛዋ በስባሪው ላይ ሆና ወደ ደቡብ ተወሰደችና የጆላ እናት ሆነች፤ ሌላዋ ወደ ሰሜን ተወሰደችና የሴሬር እናት ሆነች። ስለዚህ የሁለቱ ልጆች ሲገናኙ መሰዳደብ ወጋቸው ነው፤ መቀየም ነውር ነው። ጆላ ነካክቶህ ዝም ካልክ ወይ ታመሃል ወይ ቂም ይዘሃል። ሌላም አለ፤ አንዱ ሌላውን በዘመድነቱ ከለመነው እምቢ አይባልም። የተሰበረችው ታንኳ ትታዘባለች።

«ይቺ ልጅ በዚህ ምላሷ አንድ ቀን አገር ትሸጣለች» ይላል አንሱማና ሩዙን በእጁ እየጠቀለለ።

«ማን ሊገዛው?» ትላለች ቴኒንግ። «ጆላ ከዘንባባ ዛፍ ላይ መቼ ወርዶ ገንዘብ ያዘ?»

«ሲጋ፣ ሎሌዬ አድጋልኛለች» ይልና ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ፣ አመስግኖ ይሄዳል።

አሥረኛ ክፍል ስትገባ የክርክር ቡድኑን ተቀላቀለች። ቡድኑን የሚያሠለጥኑት የጂኦግራፊው መምህር ድራሜ ናቸው፤ ከትምህርት በኋላ፣ በእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ፣ በመጋዝ ፍቅፋቂ መሀል። ደወል ስለሌላቸው ብርጭቆ በማንኪያ ይመታሉ። የማሠልጠኛ ዘዴያቸው አንዲት ናት። ተማሪው አንዱን ወገን ይዞ ሞቅ ብሎት ሲናገር ብርጭቆዋን ቀጭ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ሳያቋርጥ ወገን መለወጥ አለበት። «ስለዚህ ተማሪ ስልክ ይዞ መምጣት…» ቀጭ። «…የለበትም የሚል ሰው፣ ልጁ አምሽቶበት አያውቅም።» ሌሎቹን በዚህ ልምምድ ላብ ያጠምቃቸዋል። ቴኒንግ ግን ከሳምንቱ ሁሉ የምትናፍቃት ያችን ቅጽበት ነበር፤ እግር አንደኛውን ዳርቻ ለቆ ሌላው ላይ ገና ያላረፈባትን ቅጽበት። የተወለደችው እዚያ ነዋ።

በወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የሚከራከሩበት ሽልማት ከከባድ እንጨት የተጠረበ ጋሻ ነው። ያሸነፈ ትምህርት ቤት ስሙን በትንሽ የናስ ሰሌዳ አስቀርጾ በምስማር ይመታበታል። ጋሻው ላይ አሥራ አንድ ሰሌዳ አለ፤ አሥራ አንዱም የባንጁል ወገን፣ የደቡብ ዳርቻ ናቸው። ጋሻው ወንዙን ተሻግሮ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ሊሻገር ምንም አልቀረውም ነበር። ፍጻሜው ላይ ቴኒንግ የቡድኗ መጨረሻ ተናጋሪ ነበረች፤ እየመሩ ነበር፤ እሷም ታውቀው ነበር። ከባንጁሉ ቡድን ላንዲንግ ባጂ የሚባል ረጅም ልጅ ጥያቄ ሊጠይቅ ተነሣ። ባጂ የጆላ ስም ነው። ቴኒንግ ሳታስበው፣ ዓርብ ዓርብ እንደለመደችው፣ «ሎሌዬ፣ ቁጭ በል፤ ሳህኑ ገና አልታጠበም» አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ላንዲንግ ራሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣና ተቀመጠ። ዋናው ዳኛ ግን ከሌላ አገር የመጡ ሰው ነበሩ። ደንቡን ገለጡ። ተጋጣሚን መስደብ አምስት ነጥብ ያስቀንሳል ይላል። ተቀነሰ። ባራዎች በሁለት ነጥብ ተሸነፉ።

ከአዳራሹ ውጭ ላንዲንግ ወንጆ የሚባለውን ቀዝቃዛ ቀይ መጠጥ በፕላስቲክ ገዝቶ ሰጣት። «እኔ አልከሰስኩሽም» አላት። «ደግሞ እውነትሽን ነው፣ ሳህኑ አልታጠበም ነበር።» ወንጆው እስኪያልቅ ብዙ አወሩ፤ የት እንደተወለደች እንኳ ነገረችው፤ ሳቀ።

መምህር ድራሜ መርከቧ ላይ ውጤቱን ደብተራቸው ላይ ጽፈው ዘጉት። የተናገሩት ሌሎች ናቸው። በማግሥቱ ስሟ ቴኒንግ መሆኑ ቀረና «አምስት» ሆነ። «አምስት፣ ደብተርሽን አውሺኝ።» «አምስት መጣች፣ አፋችሁን ያዙ።» ባለ ሱቁ ሳይቀር አምስት እንቁላል ስትለው ሳቀባት። ለሰው ሁሉ መልስ የነበራት ልጅ ለዚህች አንዲት ቃል መልስ አጣች። ጭሱ ቤት ብቻዋን ዓሣ ስታገላብጥ ያችን የሳህን ነገር ደጋግማ ትውጣታለች፤ አትዋጥላትም።

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ መጨረሻዋ ነው። ለፍጻሜው እንደገና አለፉ። ተጋጣሚያቸውም ያው የባንጁሉ ቡድን ሆነ። መምህር ድራሜ በእንጨት ሥራ ክፍል አስቀሯት።

«የመጨረሻውን ንግግር ለሮሄይ ልሰጥ አስቤ ነበር» አሏት፤ ሮሄይ የቡድኑ አንደኛ ተናጋሪ ናት።

«ሮሄይ ጎበዝ ናት፣ መምህር።»

«ጎበዝ ናት። ሰውም አትሰድብም።»

«እኔም አልሰድብም።»

«ላንዲንግ ባጂ ፊትሽ ቆሞ?»

ቴኒንግ በእግሯ ፍቅፋቂውን ወዲያና ወዲህ አደረገችው።

«እሺ፣ አንቺው ተናገሪ» አሉ በመጨረሻ። «ግን አንዲት የዘመድ ቀልድ ከአፍሽ ብትወጣ፣ ዳኞቹን አልጠብቅም፤ እኔው ራሴ ተነሥቼ ቡድኑን ይዤ እወጣለሁ። ስምሽን የጣልሽው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሄደሽ አምጪው።»

ርዕሱ ከሁለት ሳምንት በፊት ተላከ፦ «በወንዙ አፍ ላይ ድልድይ ይሠራ፤ መርከቧም ታቁም።» ደጋፊና ተቃዋሚው የሚለየው በዕለቱ፣ መድረክ ላይ፣ በዕጣ ነው። ሁለቱንም አጠኑ፤ ልባቸው ግን ድልድዩ ላይ ነበር። መርከብ ስትጠብቅ ያደገች ልጅ ስለ ድልድይ ለመናገር ወረቀት አያስፈልጋትም።

የፍጻሜው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መርከቢቱ በር ደረሱ፤ ክርክሩ ስምንት ሰዓት ነው። ግን አንድ ቀይ በሬ ወደ መርከቧ መውጫው ላይ ተኛ። ነጋዴው ቢጎትተው፣ ቢለምነው፣ ጅራቱን ቢጠመዝዘው አልነሣም አለ። ከኋላው መኪና፣ ከመኪናው ኋላ ሌላ መኪና ተሰለፈ።

«ደክሞት ነው» አለ ነጋዴው።

«ምን ሠርቶ?» አለች አንዲት ሴት ጎመኗን ከራሷ ላይ እያወረደች።

«አይደለም፣ ርዕሱን ሰምቶ ነው» አለ የቡድኑ ሁለተኛ ተናጋሪ ባካሪ። «ድልድይ ካልተሠራ አልነሣም እያለ ነው። ይኼ በሬ የኛ ወገን ነው።»

በሬው ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛ። ሲነሣም ራሱ ባሻው ጊዜ ተነሣ። ባንጁል ወርደው፣ ታክሲ ውስጥ ተጠቅጥቀው፣ ታፓላፓ ዳቦአቸውን እየገመጡ አዳራሹ ሲደርሱ ለስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ሦስቱም ተከራካሪዎች ከብት ከብት ይሸታሉ። ቴኒንግን በቀጥታ ወደ መድረኩ አወጧት፤ ሁለት የተጣጠፉ ወረቀቶች ያሉበት ባርኔጣ ቀረበላት። አንዱን አነሣች። ገለጠች።

«ተቃዋሚ» ይላል።

«ምን?» አለ ባካሪ ወደ ወንበሩ ስትመለስ። «እኔ አሁን ከዚያ መርከብ ወርጄ፣ ሸሚዜ ላይ የበሬ ምራቅ እያለ፣ መርከቧ ትኑር ልበል? ሰው ምን ይለኛል? በሬውስ ምን ይለኛል?»

ሮሄይ ወረቀቶቿን እያገላበጠች የተቃዋሚውን ትፈልጋለች። መምህር ድራሜ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። እስክሪብቷቸውን አወጡና የውሃ ብርጭቋቸውን አንዴ መቱ።

ቀጭ።

ቴኒንግ ፈገግ አለች። እግሯ ዳርቻውን ለቀቀ።

የዘንድሮዋ ዋና ዳኛ ወይዘሮ ሳፊ ሲሴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህርት፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉ። «ደንቡን ታውቁታላችሁ» አሉ። «ለአንድ ሰው ሰባት ደቂቃ ነው። አንደኛው ደቂቃ ላይ ከሚደወለው ከፊተኛው ደወል በኋላ፣ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ እስከሚደወለው ድረስ፣ ተጋጣሚ ተነሥቶ ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል፤ ተናጋሪው ከፈለገ ይቀበላል፣ ካልፈለገ በእጁ ያስቀምጠዋል። ሁለቴ ሲደወል ዝም ነው። የአገራችንን ወግም አውቃለሁ። ወጉ ግቢያችሁ ውስጥ ነው፤ እዚህ የተሳደበ አምስት ነጥብ ይቀነስበታል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ቴኒንግን አየ። ከኋላ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ «አምስት» አለ። ጆሮዋ ጋለ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ንግግሮች ጎን ለጎን እንደሚሄዱ ታንኳዎች ሆኑ፤ አንዱ ቀደመ ሲባል ሌላው ይደርስበታል። ሮሄይ ስለ መርከቧ ዳቦና ቡና ሻጮች ተናገረች። ባካሪ በሬውን ሳያነሣ አላለፈም፤ «ሦስት ሰዓት ተኝቶ ጠበቅነው፤ ድልድይ ላይ ቢተኛስ ኖሮ?» ሲል አዳራሹ አጨበጨበለት። ከዚያ የደጋፊዎቹ መጨረሻ ላንዲንግ ባጂ ወደ አትሮኖሱ ወጣ። ነጭ ጫማ አድርጓል። ወረቀቱን ዘረጋ፤ አዳራሹን ሁሉ በዓይኑ ቃኘ።

«የተከበሩ ዳኞች፣ ሰዓት የማይስቱት ሰዓት ጠባቂ፣ ከማዶ የመጣችሁ ዘመዶቼ» አለ። «እንኳን ዋኝታችሁ ደረሳችሁ።»

ሳቁ ከጣሪያው ቆርቆሮ ተጋጭቶ ተመለሰ። ወይዘሮ ሳፊ እስክሪብቷቸውን አነሡ፣ አሰቡ፣ መልሰው አስቀመጡ። እንኳን ደረሳችሁ ማለት ስድብ አይደለም። በአዳራሹ ያለው ጆላና ሴሬር ሁሉ አሁን የቴኒንግን አፍ ነው የሚያየው። ጆላ ነካክቷት ዝም ልትል?

መልሱ ምላሷ ላይ ደርሷል። «የዋኘነው ሎሌያችን መቅዘፊያውን በልቶብን ነው።» ተቀምሞ የተዘጋጀ፣ ትኩስ፣ ቆንጆ መልስ። ጥርሷን ነከሰች። መምህር ድራሜ ጉልበታቸው ላይ አምስት ጣታቸውን ዘርግተዋል። ዋጠችው።

ላንዲንግ ሳትመልስለት ስትቀር ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ ቀጠለ። «የሁለቱን እኅትማማቾች ታሪክ የማያውቅ የለም። ያን ጊዜ ድልድይ ቢኖር ኖሮ ባልተለያዩ ነበር።» ጭብጨባ። «ሦስት ነገር አለኝ፤ አንደኛው ስለ ጊዜ፣ ሁለተኛው ስለ ዕቃ። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣልና ለመጨረሻ አቆየዋለሁ።»

ቴኒንግ ሦስተኛውን ሳይነግራት አወቀችው። ድልድዩ በዕጣ ደርሷት ቢሆን እሷም ለመጨረሻ የምታቆየው እሱን ነበር፤ የታመመ ሰው፣ ያማጠች ሴት፣ መርከብ የምትጠብቅ ነፍስ። ያ ከተነገረ መልስ የለውም። ፊተኛው ደወል ተደወለ። ላንዲንግ ጥያቄ የማይቀበል ሰው እንደሆነ አገር ያውቃል፤ በግማሽ ፍጻሜው ዘጠኝ ጊዜ ጠያቂ በእጁ አስቀምጧል።

ተነሣች። ላንዲንግ ወዲያው ሊያስቀምጣት እጁን አነሣ።

«ዘመዴ» አለች ቴኒንግ ቀስ ብላ። «አንድ ጥያቄ እለምንሃለሁ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ።

አዳራሹ ለአፍታ አልገባውም፤ ከዚያ በስተግራ የተቀመጡት የጆላ አሮጊቶች አንድ ላይ «እህ» አሉ። በዘመድነቱ ተለምኗል። ደንቡ እምቢ ማለት ይፈቅድለታል፤ ታንኳዋ አትፈቅድለትም።

«ጠይቂ» አለ ላንዲንግ።

«መኪና የሌለው ሰው ያንን ድልድይ በእግሩ በስንት ሰዓት ይጨርሰዋል?»

መለሰ፤ በደንብ መለሰ፤ ግን ጊዜ ወሰደበት። ወደ ወረቀቱ ሲመለስ እንደገና ተነሣች። «ዘመዴ፣ እለምንሃለሁ።» ተቀበለ። ስለ ድልድዩ ማለፊያ ክፍያ ጠየቀችው። መለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ስትነሣ ከኋላ ያሉት ተማሪዎች እየቆጠሩ በእግራቸው መሬቱን ይመቱ ነበር።

«ዘመዴ፣ ይኼማ ልመና አይደለም፣ ግብር ነው» አለ ላንዲንግ። ላብ በግንባሩ ወጥቷል፤ ግን እየሳቀ ነው። «ጠይቂ።»

የስድስተኛው ደቂቃ ደወል ሲደወል ገና ዕቃው ላይ ነበር። ቃላቱን እያሯሯጠ ዕቃውን ጨረሰ፤ ገጹን ገለበጠ፤ «በመጨረሻም፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ አንድ የታመመ ሰው…» ሁለቴ ተደወለ። አፉን እንደከፈተ ቆመ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ።

ቴኒንግ ወደ አትሮኖሱ ስትሄድ እግሯ መሬቱን አልነካም። ዳኞቹን ሰላም አለች፤ ሰዓት ጠባቂውን ሰላም አለች፤ ከዚያ ገባችበት። መርከቧ ላይ ባለሥልጣኑና ሽንኩርት ሻጩ በአንድ ብረት ላይ ይቆማሉ አለች፤ ከዚያ ሌላ ሁለቱ በአንድ ላይ የሚቆሙበት ቦታ ካለ ንገሩኝ አለች። ፊተኛው ደወል ተደወለ። «ዘመዴ የሁለቱን እኅትማማቾች ነገር አንሥቷል። ድልድይ ቢኖር ባልተለያዩ ነበር፤ እውነት ነው። ግን አንዷ ባንዱ መኪና፣ ሌላዋ በሌላው፣ መስኮታቸውን ዘግተው ይተላለፉ ነበር። እኛን ዘመድ ያደረገን ድልድይ አይደለም፤ አንድ ታንኳ ላይ መሳፈር ነው።»

አሮጊቶቹ አጨበጨቡ። በስተግራም በስተቀኝም ያሉት። ቴኒንግ ጋሻውን ዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ አየችው፤ የናሱ ሰሌዳዎች ያበራሉ።

ያን ጊዜ ላንዲንግ ተነሣ።

«ዘመዴ» አለ። «አንድ ጥያቄ እለምንሻለሁ።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። አዳራሹ ከመሳቅ ይልቅ ወደ ፊት አዘነበለ።

«ጠይቅ» አለች።

«የት ተወለድሽ?»

ይኸው ነው። ተቀመጠ።

የሰረቀችውን ሦስተኛውን ነጥብ አፏ ውስጥ መልሶ አስቀምጦላታል። ብትዋሽ ግማሹ አዳራሽ የማዶ ሰው ነው፣ ያውቃታል። ብትሸሽ ዳኞቹ ያዩታል። ብትቀልድ፣ ያ ቀልድ ዓመቱን ሙሉ ስሟን በልቶታል። የሰዓት ጠባቂው ጣት ደወሉ ላይ ነው። ብርጭቆውን ማንም አልመታውም፤ ግን ሰማችው።

«መርከቧ ላይ» አለች። «እናቴ ሐኪም ቤት መድረስ ነበረባት፣ አልደረሰችም። ድልድይ ቢኖር ትደርስ ነበር። ዘመዴ ለመጨረሻ ያቆየው ነጥብ ይኸ ነው። ጊዜውን የወሰድኩበት እኔ ነኝ፤ ነጥቡን አሁን ለራሱ እመልስለታለሁ። ዳኞች ይጻፉለት።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ባካሪ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መምህር ድራሜ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የት ተወለድሽ ከተባልኩ ግን ሙሉውን ልናገር» አለች ቴኒንግ። «መኪና ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከእናቴ አጠገብ የሚገኘው አንድ ሾፌር ብቻ ነው። መርከቧ ላይ ሦስት መቶ ሰው ነበር። ወንዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ክብ ሠሩ። ሽንኩርት ነጋዴዋ መቀነቷን ፈትታ አነጠፈች። በእጇ የተቀበለችኝ ደግሞ ዘንባባ ዘይቷን ሸጣ ወደ ደቡብ የምትመለስ ሴት ናት። እናቴ ስሟን አልጠየቀቻትም። ጆላ መሆኗን ግን ታውቃለች። ምክንያቱም ሴትዮዋ እትብቴን ቋጥራ፣ ከፍ አድርጋ አየችኝና እንዲህ አለቻት፦ ‹ይኼ ሁሉ ጩኸት ለአንዲት ሎሌ ነው?›»

መምህር ድራሜ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የወይዘሮ ሳፊ እስክሪብቶ ከወረቀቱ ተነሣ። አዳራሹ ግን ፈንድቶ ነበር፤ ሰው በሰው ላይ ይወድቃል፣ ላንዲንግ ጠረጴዛውን በጡጫው ይመታል። መምህር ድራሜ ግማሽ ቆመው፣ ግማሽ ተቀምጠው፣ ማን ተሰደበ ብለው አሰቡ። የተሰደበችው ራሷ ናት። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ለታመመ ሰው ፈጣን ጀልባ ይጨመር፤ ይህንን አብረን እንጠይቅ» አለች ሳቁ ሲበርድ። «ድልድይ ከዳርቻ ዳርቻ ያደርሳል። መርከብ ግን መሀሉንም ትሰጠናለች። እኔ ከመሀሉ ነኝ። መርከቧ ትኑር።» ሁለቴ ተደወለ።

ዳኞቹ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ቴኒንግ ውጤቱን ሳይሆን ያንን እስክሪብቶ ነበር የምታስበው። ወይዘሮ ሳፊ ተመልሰው መነጽራቸውን አደረጉ።

«አንድ ባልደረባዬ ስለ ‹ሎሌ› ደንቡን እንድገልጥ ጠይቆኝ ነበር» አሉ። «ገለጥኩ። ሰው ራሱን እንዳይሰድብ የሚከለክል አላገኘሁም። የተቀነሰ ነጥብ የለም።» ወረቀቱን ዞር አደረጉት። «ባራ፣ በአንድ ነጥብ።»

ባካሪ ወንበሩን ይዞ ወደቀ። ሮሄይ አለቀሰች። ቴኒንግ ጋሻውን ስትቀበል ክብደቱ አስደነገጣት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲናፍቁት ይህን ያህል ይከብዳል ብሎ የነገራት አልነበረም።

የመጨረሻዋ መርከብ ልትነሣ ሲል ወደ ወደቡ ደረሱ። ፀሐይዋ ውሃው ላይ ዝቅ ብላለች። መውጫው ላይ በሬ መኖር አለመኖሩን ባካሪ ሄዶ አይቶ «መንገዱ ክፍት ነው» ብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ከኋላ እየሮጠ መጣ፤ ነጭ ጫማው አቧራ ጠጥቷል።

«ዘመዴ» አለ ላንዲንግ እያለከለከ። «አንድ ነገር እለምንሻለሁ።»

«ምን?»

«ጋሻውን ስጪኝ።»

ሮሄይ አፏን ያዘች። «ቴኒንግ» አሉ መምህር ድራሜ ቀስ ብለው፣ ልክ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንደሚጠራ። ቴኒንግ ላንዲንግን አየችው። ፊቱ ላይ ቂም የለም፤ ግን ቀልድ ይሁን እውነት አይታወቅም፤ የታንኳ ዘመድ ነገር እንዲህ ነው። ዛሬ ሦስት ጊዜ ለምናዋለች፣ ሦስቴም ሰጥቷታል።

ጋሻውን ከነመጠቅለያው ሰጠችው። ክንዱ ወደ መሬት ሰመጠ።

«እኔም እለምንሃለሁ» አለች ወዲያው።

«በይ።»

«ወንዙን አሻግርልኝ።»

ላንዲንግ ጋሻውን አየ፤ መርከቧን አየ፤ ከተማውን ዞሮ አየ። «መመለሻ የለኝም እኮ፣ መጨረሻዋ ናት።»

«አንሱማና የሚባል ጆላ ጎረቤት አለን፣ ያሳድርሃል። ሩዙን ግን የምትበላው እኛ ቤት ነው።»

መምህር ድራሜ ስልካቸውን አውጥተው የላንዲንግን አባት ቁጥር ጠየቁት። ደውለው እየሳቁ ጨረሱ። መርከቧ በር ላይ ቲኬት ቆራጩ «ስንት ናችሁ?» አላቸው።

«አምስት» አሉ መምህር ድራሜ።

ማንም አልሳቀም። ቴኒንግ ቃሏን ልብ ያለችው መውጫውን ግማሽ ከወጡ በኋላ ነው። ላንዲንግ ጋሻውን ራሱ ላይ ተሸክሞ ከፊቷ ይሄዳል። ወደ መምህሯ ዞር አለች።

«መምህር፣ እዚህ አዳራሽ ነው?»

«አይደለም» አሉ መምህር ድራሜ ወደ ባሕሩ እያዩ። «እዚህ ውሃ ነው።»

ዓመት ሙሉ ያልተዋጠላት ነገር በራሱ ጊዜ ወጣ። «ሎሌዬ፣ ቀና ብለህ ተሸከም» አለች። «ሳህኑ ቤት ይጠብቅሃል።»

«እሺ እመቤቴ» አለ ላንዲንግ ከጋሻው ሥር። «የተወለድሽበት ቦታ ስንደርስ ንገሪኝ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ላሳርፈው።»

ወንዙ መሀል ሲደርሱ ነገረችው። አሳረፈው።